ናሙና ቁጥር አርባ ሦስት

ሶሃር፣ የሐምሌ ቀትር፤ ወደቡ በላብ ሰክሮ፣
ባሕሩ እንደ ቀለጠ እርሳስ፣ ከሰማይ ጋር ተቋጥሮ፤
በሩን በክርናቸው ገፍተው፣ ሁለት ጎረምሶች አስገቡት፣
ከጅቡቲ የተጫነ ጆንያ፣ ጠረጴዛው ሥር ጣሉት።
ክብደቱን ፈርተው ነበር፤ ሲያነሡት ግን ተገረሙ፣
“ጥጥ ነው እንዴ?” አለ አንዱ፤ ሳቁ፣ ፈረሙ፣ አልቆሙ።

ወረቀቱን አነበብኩት፦ የመጣበት፣ አዳሚ ቱሉ።
ሁለት ቃል ነው፣ በባዕድ ፊደል፤ ፊደሎቹም ይጎድላሉ።
ቫርጊስ ከመስታወቱ ጀርባ፣ “የናንተ አፈር ነው መሰለኝ”፤
“የናንተ” የሚለው ቃል፣ ከጆንያው ይልቅ ከበደኝ።

የዝዋይ ልጅ ነኝ፤ ያንን ነጭ ገደል አውቀዋለሁ፣
ትምህርት ቤቱ ጠመኔ ሲያጣ፣ ከሱ ፈልጬ ጽፌያለሁ።
አሁን ስሙ ሌላ ነው፤ ናሙና ቁጥር አርባ ሦስት፣
መልሱም ከእኔ ይጠበቃል፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት።

ቆንጥሬ በውሃ በጠበጥኩ፤ ጠብታውን በመስታወት ዘርግቼ፣
በማጉያው አየሁት፤ ሳልጽፍ ቆየሁ፣ ሰዓት መኖሩን ረስቼ።
ከመርፌ ጫፍ እጅግ ያነሰ፣ የአንዲት ዋቅላሚ ቤት፤
ጣሪያው ወንፊት፣ ግድግዳው ወንፊት፣ ወለሉም ወንፊት።
ነዋሪዋ ከሞተች፣ ሐይቁም ከሸሸ ስንት ዘመኑ፣
መስኮቶቹ ዛሬም ክፍት፤ በአቧራ እንኳ አልተደፈኑ።

የሚፈለገውም ለዚህ ነው፤ ለቀዳዳው፣ ለባዶነቱ፤
በሱ ያልፋል የቴምሩ ማር፣ በሱ ይጠራል ዘይቱ።
ሙሉ ነገር አያጣራም፤ ይህን ቫርጊስ ነው ያስተማረኝ፣
የሰው ቤት ማጽዳት ትቼ፣ የዚህን ቤት ወለል ልጠርግ የቀጠረኝ።

ብረቱ ግን በዛ።
ሁለት ነጥብ አራት፤ ውሉ የሚለው አንድ ተኩል፤
ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ሦስቱም ጊዜ እኩል በእኩል።
ሁለቱን አንድ ለማድረግ፣ አንዲት ቁልፍ መንካት ይበቃል፤
ማን ያያል? ደግሞስ ለአገር ነው፤ ለአገር ብሎ ማን ይወቀሳል?
ግን ያቺ ዝገት ነገ በሰው ዘይት ውስጥ ስትታይ፣
መርከብ ሙሉ አፈር ሲመለስ፣ የሚሰደበው ያው ስም አይደል ወይ?
ሁለት ነጥብ አራት ብዬ ጻፍኩ። እጄም አልተንቀጠቀጠም፤
ከሥሩ ግን ጨመርኩበት፦ “ይታጠባል። ገና አልጨረስኩም።”

አሲዱን አፈላሁበት። ቢጫ ወጣ፤ የታማሚ ሽንት መሰለ፤
ደፋሁት፣ ደግሜ አጠብኩት፤ በአራተኛው ውሃ ቀለለ።
አሸዋው ከሥር ተኛ፤ የድሮ እሳት አመድም ከሱ ጋር፤
ቀላሉን ቀዳሁ ከላይ፣ ቀስ ብዬ፣ ትንፋሼ እንዳይነካው በማፈር።

ከዚያ ምድጃ። ዘጠኝ መቶ።
ሶዳ ቢጨመርበት፣ እንደ ወተት ይነጣል፣ ያምራል፤
ደቃቁ ግን ሳንባ ገብቶ፣ ቤት ሠርቶ ይቀራል።
ጉላም ባሉሺ፣ ምድጃ ጠባቂው፣ ከግድግዳው ወዲያ ይስላል፤
ሃያ ዓመት የነጣውን ሁሉ፣ እሱ በደረቱ ይቆጥራል።
ሶዳውን መደርደሪያው ላይ ተውኩት።

ሲወጣ ነጭ አልነበረም። እንደ ሕፃን ተረከዝ፣
ጥቂት ቀላ ያለ፣ ለስላሳ፤ ጠበቅሁት እስኪቀዘቅዝ።

ሐሙስ በስድስት ሰዓት፣ ወረቀቱን ሰጠሁት ለቫርጊስ፤
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አነበበ ቀስ በቀስ።
“ብረት ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። ለዘይት ይሆናል፤ ለስኳር አይበቃም፤
ማጠቢያውም ከዋጋው ይቀነሳል።” እውነት ነው፤ አልተከራከርኩም።

ሁሉም ሲወጡ፣ ከጆንያው ጥግ አንዲት ጓል አገኘሁ፣ ሳትፈጭ የቀረች፤
ጥቁሩ ጠረጴዛ ላይ “ሀ” ብዬ ጻፍኩባት፤ እንደ ድሮዋ ደመቀች።
ትንሽ አየኋት። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አሳለፍኩባት፣ ጠረግሁት፤
በሩ ላይ አርባ አራተኛው ቆሟል፤ ከየት እንደ መጣ ገና አላነበብኩት።